ከቦይለሩ ጋር የቆለፉብኝ ዕለት

ሰው ሲጠላኝ አልወድም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያን ቀን የደረሰብኝ ሁሉ ከዚህ ጠባዬ ስለመጣ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። መቐለ የመጣሁት ከጦርነቱ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመካኒካል ምህንድስና መምህርት ሆኜ ነው። ዓዲ ሓቂ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ ስኖር፣ ጠዋት ስወጣ በተሰባበረ ትግርኛዬ ለግቢው ሰው ሁሉ «ከመይ ሓዲርኩም» እላለሁ። አንዳንዱ ይመልስልኛል፤ አንዳንዱ እንዳላየ ያልፈኛል። ለምን እንደሚያልፉኝ ይገባኛል። ወንድሙን የቀበረ ሰው በእኔ አነጋገር ደስ እንዲለው አልጠብቅም። ቢሆንም ያመኛል። አንድ ሰው «ጥሩ ልጅ ናት» እንዲለኝ የማላደርገው ነገር አልነበረም።

ከማስተማሩ ጎን ለጎን ፈቃድ አውጥቼ ቦይለር እመረምር ነበር። ለማታውቁት ላስረዳ። ቦይለር ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ የታሸገ የብረት በርሜል ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። ሆቴል ውስጥ ውሃ የሚያሞቀው ትንሹ፣ ግፊቱ ከመኪና ጎማ ብዙም አይበልጥም፤ ሁለት ሦስት ባር ቢሆን ነው። የኤሌክትሪክ ማመንጫው ትልቁ ደግሞ ውሃው በቱቦ ውስጥ፣ እሳቱ በውጭ ሆኖ ከመቶ ባር በላይ ይሸከማል። በእኛ ፋብሪካዎች የሚበዛው መካከለኛው ነው። እሳቱ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፤ ውሃው ቱቦዎቹን ከቦ ይፈላል። ከሰባት እስከ አሥር ባር ይሠራል። ቀላል ይመስላል። ግን በሰባት ባር የታፈነ ውሃ ሙቀቱ ከመቶ ስድሳ ዲግሪ በላይ ነው። ብረቱ አንድ ቦታ ቢቀደድ ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል። ያን ጊዜ ግድግዳም ጣሪያም አያቆመውም።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ከሮማናት አደባባይ ታክሲ ይዤ ከከተማው ወጣ ያለ አንድ የክር ማቅለሚያ ፋብሪካ ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ለቦይለሩ ዓመታዊ የምስክር ወረቀት ለማደስ ነበር የሄድኩት። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኪሮስ በር ላይ ተቀበሉኝና ቀጥታ ወደ ቢሯቸው ወሰዱኝ። ወረቀቱ በኮምፒውተር ተሞልቶ፣ ታትሞ፣ እስኪሪብቶ ተደርጎበት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«እዚህ ጋ ብቻ ነው የቀረው፣ ኢንጂነር» አሉኝ፣ የፊርማውን ቦታ በጣታቸው እያሳዩ።

«መጀመሪያ ልየው።»

«ምኑን ያዩታል? አምና ራስዎ ነዎት የፈረሙበት።»

«አምና አምና ነው፣ አቶ ኪሮስ።»

ፊታቸው ተለወጠ። ከፊቴ ቀድመው ወደ ቦይለሩ ክፍል መሩኝ።

የቦይለሩ ክፍል ከማቅለሚያው አዳራሽ ጋር በአንድ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየው። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር ያለው ቀዳዳ ብቻ ነው አየር የሚያስገባው። ኦፕሬተሩን ሁሉም ኣያ ሃፍቱ፣ ማለትም ጋሽ ሃፍቱ ይሏቸዋል። ሽበታም፣ ቀጭን፣ ግንባራቸው ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባቸው ሰው ናቸው። ሰላም ስላቸው አልመለሱልኝም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቦይለር ሲያነዱ የኖሩ ሰው፣ ልጃቸው የምትሆን ሴት ደብተር ይዛ ስትመጣባቸው ምን እንደሚሰማቸው ከዓይናቸው ይነበባል።

የግፊት መለኪያው ስድስት ባር ላይ ነው። ቀና ብዬ ሴፍቲ ቫልቩን አየሁት። ቫልቩ ግፊት ከልክ ሲያልፍ ራሱ ተከፍቶ እንፋሎቱን የሚያስተነፍስ ዕቃ ነው፤ የቦይለር የመጨረሻ አዳኙ እሱ ነው። አናቱ ላይ ወፍራም ብሎን ተደርጎ እንዳይከፈት ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል።

«ይህን ማን አሰረው?»

«እኔ» አሉ ኣያ ሃፍቱ። «ያንጠባጥባል። እንፋሎቱ እሱ ላይ ካለቀ ክሩ ቀለም አይዝም።»

ከዚያ የውሃ ማሳያውን መስታወት አየሁ። ቦይለሩ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንዳለ የሚነግረን እሱ ነው። ውሃው ከግማሽ በላይ ነበር፤ ላየው ሰው ደህና ነው። ግን ዝም ብሏል። እሳት በሥሩ እየነደደ ያለ ውሃ ዝም አይልም፤ መስታወቱ ውስጥ ከፍ ዝቅ እያለ ይንቀጠቀጣል። ይሄ ግን ብርጭቆ ውስጥ እንደተቀዳ ውሃ ነበር። የመቐለ ውሃ ኖራ እንደሚበዛበት ማሰሮውን ያየ ሁሉ ያውቃል። መስታወቱን ከቦይለሩ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቧንቧ በኖራ ተደፍኖ እንደሆነ ጠረጠርኩ። ከሆነ የማየው ውሃ የዛሬ አይደለም።

ወደ አቶ ኪሮስ ዞርኩ። «አልፈርምም። አሁኑኑ ይጥፋ። እንዳይሠራ ቀይ ወረቀት እለጥፋለሁ።»

«ስልክ ልደውል» ብለው ወጡ። ከወጡ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሚያንጓጓው የማሽን ድምፅ አንድ በአንድ ሲቆም ሰማሁ። ቀጥሎ የብዙ ሰው ኮቴ። ዞር ከማለቴ የብረቱ በር ተደረገመ፤ ከውጭ መቀርቀሪያው ሲወርድ ጓ አለ።

«ኢንጂነር!» አለች አንዲት ሴት ከበሩ ወዲያ። «ለተብርሃን እባላለሁ። የቀለም ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ትሰሚኛለሽ?»

«ክፈቺልኝ!»

«ትፈርሚያለሽ፣ ትወጫለሽ። ካልፈረምሽ እዚያው ከእሱ ጋር ዋዪ።»

«ይሄ ነገር ሊፈነዳ ይችላል! ለእናንተም ነው የምለው!»

ሳቅ ሰማሁ። የአንድ ሰው ሳቅ አልነበረም። «ኣንቲ ሓፍተይ፣ አንቺ እህቴ» አለች ለተብርሃን፣ ስትናገር ሐ እና ዐን ከጉሮሮዋ እያወጣች፣ «ስንት ነገር ፈንድቶብን እዚህ ደረስን። በቦይለር ነው የምታስፈራሪን? ያለ ሥራ ስንቀመጥ የት ነበርሽ? አሁን ሥራ ስናገኝ መጥተሽ ልትዘጊብን!»

ስልኬን አወጣሁ። አቶ ኪሮስ በሁለተኛው ጥሪ አነሱ። «እኔ ሠራተኛውን ምን ላድርገው? ተቆጥተዋል። ይፈርሙና ይውጡ፤ ይኸው ነው» ብለው ዘጉት። ፈቃዱን የሚሰጠው ቢሮ ደወልኩ። አንድ ሰው አንስቶ «ሰው እንልካለን» አለኝ። እስከ ዛሬ የመጣ ሰው የለም።

ወደ ማጥፊያው ሄድኩ። አብረውኝ የተቆለፉት ኣያ ሃፍቱ ቀድመውኝ ፊቱ ቆሙ።

«ኣያ ሃፍቱ፣ እባክዎ ያጥፉት።»

«አይጠፋም።»

«መስታወቱን አይተውታል? ውሃው አይንቀሳቀስም።»

«እኔን ቦይለር ልታስተምሪኝ ነው?» በእጃቸው መዳፍ ትከሻዬን ገፉኝ። በኃይል አልነበረም፤ የሚያስጠላ ነገር ከመንገድ እንደሚያነሱ ያህል ነው። «ጓለይ፣ ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ እሳት አነድ ነበር። ፈርሚና ሂጂ።»

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ሙቀቱ ያፍናል። የምመለከተው ግፊት መለኪያውን ብቻ ነበር። አንድ ያላሰብኩት ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ሠራተኞቹ ማሽናቸውን ዘግተው በር ላይ ስለቆሙ እንፋሎቱን የሚጠቀምበት የለም። እሳቱን የሚተፋው በርነር ግን ናፍጣውን እያነደደ ነው። መርፌው ስድስትን አልፏል። ስድስት ተኩል ላይ እሳቱ በራሱ መቋረጥ ነበረበት። አልተቋረጠም።

«ስድስት ተኩልን አለፈ» አልኩ።

ኣያ ሃፍቱ ሳይዞሩ «ያቋርጣል» አሉ።

«አላቋረጠም።»

ሰባት ደረሰ። ሊተነፍስ የሚገባው ቫልቭ በብሎን ታስሯል። መርፌው ሰባትን አልፎ ትንሽ ሲሄድ ኣያ ሃፍቱ ዞረው አዩት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳም። ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ እኔ ፊት በመሆኑ የባሰባቸው እፍረት ነበር። እጃቸውን ሰድደው በርነሩን አጠፉት። የእሳቱ ጉርምርምታ ቆመ።

ዝም ሲል ነው ሌላው ነገር ጆሮዬ ውስጥ የገባው፣ ወይም ያልገባው። እዚያ ከቆምኩ ግማሽ ሰዓት አልፏል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ውሃ የሚያስገባው ፓምፕ አንድም ጊዜ ሲነሳ አልሰማሁም። የሚሠራ ቦይለር በየጥቂት ደቂቃው ውሃ ይጠጣል፤ ፓምፑም ውሃው ሲጎድል በራሱ ይነሳል።

«ፓምፑ መቼ ነው የተነሳው?»

ኣያ ሃፍቱ ወደ መስታወቱ ሄደው የታችኛውን ቧንቧ ከፈቱ። ውሃው ፏ ብሎ ፈሰሰና አለቀ። መልሰው ዘጉት። ጤነኛ ቢሆን ወዲያው መልሶ ይሞላል። ጠበቅን። በቀጭን ሽቦ ቧንቧውን ወጋ ወጋ አደረጉት፤ ነጭ ኖራ ተፈርፍሮ ወጣ፤ ከዚያ ጥርት ያለ እንፋሎት ተፋ። መስታወቱ ባዶ ሆኖ ቀረ።

ውሃው ከመስታወቱ በታች ወርዷል ማለት ነው። ያ ሁሉ እሳት ሲነድ ከላይ ያሉት ቱቦዎች ከውሃ ውጭ ሆነው ግለው ሊሆን ይችላል።

አሁን የምጽፈውን መጻፍ ያሳፍረኛል። በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ቆሜ ለተማሪዎቼ የምለው ነገር አለ፦ ውሃ ያጣ ቦይለር ላይ ውሃ አትጨምሩ። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስታፈስሱ ምን እንደሚሆን የቤት ምጣድ ያስተምራችኋል። እሳቱን አጥፉና ጠብቁ። መቶ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ በፈተና አውጥቼዋለሁ፤ የሳቱትን ጥያለሁ። ያን ቀን ግን ባዶውን መስታወት ሳይ ወደ አእምሮዬ የመጣው «ውሃ፣ ውሃ» የሚል ብቻ ነው። እጄ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ማስነሻ ሄደ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ሊያርፍ ሲል ኣያ ሃፍቱ በያዙት መፍቻ ክንዴን መቱኝ።

ጮኽኩ። ክንዴን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ልትገድይን ነው?» አሉኝ ከላዬ ቆመው። «መምህርት ነኝ ትያለሽ! ልትገድይን ነው?»

በተቀመጥኩበት ከፓምፑ ራቅሁ።

ከውጭ በሩን መደብደብ ጀመሩ። «ለምን አጠፋችሁት?» ትላለች ለተብርሃን። ኣያ ሃፍቱ በትግርኛ ጮኹባት፤ ውሃ እንደሌለው፣ በሩን እንዲከፍቱ፣ ከግድግዳው እንዲርቁ ነገሯት። አላመነችም። «አስፈራርታዎት ነው! እንድትፈርም ይንገሯት!» አለች። ኣያ ሃፍቱ ደጋግመው ለመኗቸው። በመጨረሻ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ከቦይለሩ ራቅ ካለው ጥግ ከእኔ ጎን ተቀመጡ። በመካከላችን ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ነበረ።

ሁለታችንም መርፌውን እናያለን። ሰባት። ከስንት ጊዜ በኋላ ከሰባት በታች። ብረቱ አልፎ አልፎ ቋ ይላል፤ ቋ ባለ ቁጥር ኣያ ሃፍቱ ያማትባሉ። እኔ ትንፋሼን ይዤ እቆጥራለሁ። ስንት እንደቆጠርኩ አላውቅም። ስድስት ተኩል ሲደርስ ኣያ ሃፍቱ ሳያዩኝ ተናገሩ።

«አምና የፈረምሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ሰባት ባር ይሸከማል ብለሽ።»

«አዎ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

አምና የሆነው ይህ ነው። ቦይለሩ በጦርነቱ ዓመታት ቆሞ ዝጎ ነበር። ከመነሳቱ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ሞልቼ፣ ከሚሠራበት በላይ ገፍቼ፣ መሸከም አለመሸከሙን ማየት ነበረብኝ። ውስጡን ከፍቼ በባትሪ ማየት ነበረብኝ። ውሃ የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል አሉኝ። ግቢው በሠራተኛ ሞልቷል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው ያጨበጭባሉ፤ አንዷ እጄን ይዛ «ይሃበለይ»፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አለችኝ። መቐለ ከመጣሁ እንደዚያ ቀን ሰው ፈገግ ብሎልኝ አያውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ ልመረምር ለራሴ ቃል ገብቼ ፈረምኩ። አልተመለስኩም።

ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ቤተሰቤ እንኳን የማያውቀውን፣ ለሚጠሉኝ ሰው።

ኣያ ሃፍቱ «ብሎኑን ያሰርኩት ወረቀትሽን አምኜ ነው» አሉ። «ሰባት ባር በምርመራ ተረጋግጧል ይላል። ተለጥፎ ነበር እዚያ ግድግዳ ላይ። ቫልቩ ቀድሞ ሲያንጠባጥብ ጥፋቱ የቫልቩ ነው አልኩ። ውሃ ማሳያውንም ላጸዳው ብዬ ሥራው አላስቆም አለኝ። እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ግን እኔ የምለብሰው ቱታ ነው። አንቺ ግን ማኅተም አለሽ።»

ክንዴ አብጦ ነበር። ቦርሳዬን በሌላው እጄ ስቤ ደብተሬን አወጣሁ። የጻፍኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «ይህ ቦይለር እንዳይሠራ አግጃለሁ። አምና የፈረምኩት ሳልመረምር ነው። ያን ወረቀት አምናችሁ አንድ ዓመት ሙሉ በአደጋ ውስጥ ሠርታችኋል። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ፈረምኩበት። ገንጥዬ በበሩ ሥር ወደ ውጭ ገፋሁት።

«ፈረመች!» አለ አንድ ሰው። እልልታ ተጀመረ።

ከዚያ እልልታው ተቆረጠ። ለተብርሃን ጮክ ብላ ማንበብ ጀምራ ነበር፤ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ድምፅዋ ወረደ። መቀርቀሪያው ተነሳ።

በሩ ሲከፈት ያቺን ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ከእኔ ዕድሜ አትርቅም። እጆችዋ እስከ ክርንዋ በሰማያዊ ቀለም ተነክረዋል። ከኋላዋ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ሲሸሽ እሷ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። የምትመታኝ መስሎኝ ፊቴን ሸፈንኩ። አልመታችኝም። የቀኝ እጇን ዘርግታ ቦይለሩና አዳራሹ የሚገናኙበትን ግድግዳ አሳየችኝ።

«ከዚያ ወዲያ የእኔ ማሽን ነው» አለች። «ከእኔ ጎን ታናሽ እህቴ ናት። በየቀኑ ጀርባዋን ለዚህ ግድግዳ ሰጥታ ነው የምትሠራው። ያኔ ስትፈርሚ ያጨበጨብኩልሽ እኔ ነኝ።» ጣቷን ወደ በሩ አዞረች። «ውጪ። ዓይኔ እንዳያይሽ።»

ወጣሁ። ማንም አልሸኘኝም፤ ማንም አልነካኝም። የግቢው በር ድረስ ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ አሳለፈኝ። አንዲት አሮጊት የጽዳት ሠራተኛ እግሬ ሥር ምራቅ ተፋች። ዓይደር ሆስፒታል ሄጄ ክንዴን በራጅ አሳየሁ፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር። ሐኪሙ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ «ሰው አዳነኝ» አልኩት። የቀለድኩ መሰለው።

ቦይለሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲከፈት፣ ከላይ ያሉት ቱቦዎች ጎብጠው፣ የበርሜሉ ሆድ በዝገት ሳስቶ ተገኘ። ሊፈነዳ ስንት ጊዜ ቀርቶት እንደነበር ማንም ሊነግረኝ አልቻለም፤ ምናልባትም አይፈነዳም ነበር። ፋብሪካው ተዘጋ። ሠራተኛው ተበተነ። አቶ ኪሮስ ያጋጠመውን ሁሉ በእኔ አሳብበው ለቢሮው ደብዳቤ ጻፉ። እኔም ለዚያው ቢሮ ስለ አምናው ፊርማ እውነቱን ጽፌ ፈቃዴን መለስኩ። ኣያ ሃፍቱን ክፍሌ መጥተው ለተማሪዎቼ የውሃ መስታወት አጠባበቅ እንዲያሳዩ በሰው ለመንኳቸው። «ለእሷ አላስተምርላትም» ብለው መለሱልኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ታሪኩ በእርቅ የሚያልቅ መስሏችሁ ከሆነ ይቅርታ። አልታረቅንም። ያልፈነዳ ቦይለር ምስክር የለውም፤ የተዘጋ ፋብሪካ ግን በየቤቱ ምስክር አለው። እኔ ከዚያ ቀን ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ደግነት የመሰለኝ ፊርማ ፍርሃት እንደነበር አወቅሁ። በመጠላት ፍርሃት ሰዎቹን ለሞት አስጠግቼአቸው፣ እነሱም አጨብጭበውልኝ ነበር። ሁላችንም አንድ ቦታ ላይ እንፈርማለን፤ ሐኪሙ መድኃኒት ላይ፣ መምህሩ ውጤት ላይ፣ መሐንዲሱ ድልድይ ላይ። ስትፈርሙ የሚያጨበጭብላችሁ ሰው ካለ፣ እጃችሁን ሰብስቡና እንደገና እዩ። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ወደ ዓይደር በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳለ ለተብርሃን ገባች። ከእኔ ጎን ካለው በቀር ክፍት ቦታ አልነበረም። አየችኝ፤ ልውረድ አልውረድ ብላ አመነታች፤ ተቀመጠች። ሁለታችንም ወደ ፊት እያየን ብዙ ሄድን።

«አዲስ ቦይለር መጥቷል አሉ» አለች በመጨረሻ፣ ሳትዞር። «ሊጠሩን ነው።»

«ደስ ይላል።»

«አንቺ ነሽ የምትፈርሚው?»

«አይደለሁም። ፈቃዴን መልሻለሁ።»

«ጥሩ አደረግሽ።» ደግ ቃል አልነበረም። ትንሽ ቆይታ ቀጠለች። «የሚፈርመው ማንም ይሁን፣ ሲመጣ አጠገቡ ቆሜ ነው የማየው። ኣያ ሃፍቱ ምን ምን እንደሚጠየቅ አስጠንተውኛል። ፈትሸው፣ ክፈተው፣ አሳየኝ እለዋለሁ። ካላሳየኝ አንዲት ክር አልነካም፤ ሌሎቹንም አላስነካም።»

«ይጠሉሻል» አልኳት።

ያን ጊዜ ዞራ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ።

«ይጥሉኛ» አለች። ለረዳቱ «ወራጅ ኣሎ» ብላ ጮኸች፤ ሚኒባሱ ቆሞ ሳይጨርስ ወረደች።